ቃል ወደ ዜማ ሲሻገር

በሙዚቃዊ ተውኔት ውስጥ ከሁሉ አብልጬ የምጠብቀው ከዘፈኑ ጥቂት ቀደም ብሎ የሚመጣውን ቅጽበት ነው። ተዋናዩ ገና እያወራ ነው፤ እንደማናችንም ሰው፣ ለሚስቱ ወይም ለልጁ፣ አለዚያም ማንም ለማይሰማው ለራሱ እያወራ ነው፤ በዚህ መሃል ከመድረኩ ግርጌ ካለው የሙዚቀኞች ጉድጓድ አንድ ክላርኔት፣ አንዳንዴም ሁለት ቫዮሊኖች ብቻ፣ ሰውየውን ላለማስደንገጥ የተጠነቀቁ ይመስል ቀስ ብለው ከንግግሩ ሥር ይገባሉ። እሱ ንግግሩን አያቋርጥም። ቃላቱ ግን መዘግየት ይጀምራሉ፤ በሁለት ቃል መካከል ያለው ዝምታ ይሰፋል፤ የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ እንደ ወትሮው ወደ ታች መውረዱን ትቶ ባለበት ከፍታ ላይ ይቆያል። ከፊት ተርታ ወንበር የታደለ ሰው በዚህች ሰዓት የተዋናዩ ደረት ሲሞላ፣ ትከሻው ሳይነሣ ጎኑ ብቻ ሲሰፋ፣ ዓይኑ ከሚያነጋግረው ሰው ላይ ተነሥቶ ከአዳራሹ ጨለማ በላይ ወዳለ ስፍራ ሲሄድ ያያል። ከዚያ ይሻገራል። የተሻገረባትን መስመር ላገኛት ብዬ ብዙ ጊዜ ጆሮዬን አቁሜ ጠብቄአለሁ፤ ይህችኛዋ ቃል ንግግር ናት፣ ያችኛዋ ዜማ ናት ብዬ ለመለየት። ንጋትን ቁጭ ብሎ የጠበቀ ሰው ሌሊቱ በየትኛዋ ደቂቃ እንዳበቃ እንደማይነግረን ሁሉ እኔም መናገር አልቻልኩም፤ አለመቻሌም ደስታዬን ጨመረው እንጂ አልቀነሰውም።

ሰው እያወራ ድንገት መዝፈን ምን ይሉታል የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ጥሩ ጆሮ ያላቸው፣ ፍርዳቸውን የማከብርላቸው ወዳጆቼም ይህን ይላሉ። ለእኔ ግን ነገሩ አንድም ቀን እንግዳ ሆኖብኝ አያውቅም፤ ያደግሁት ሰዎች ከንግግር ወደ ዜማ ሲሻገሩ እያየሁ ነውና። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ አክስቴ ስለ ቡናው፣ ስለ ወንበሩ፣ ከሩቅ ስለሚመጡት ዘመዶች ማደሪያ እንደማንኛውም ቀን በተራ ድምፅ ስታስተባብር ቆይታ፣ ከገጠር የመጣው ወንድሟ የድንኳኑን በር ሲያልፍ ብድግ ትል ነበር። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታስራለች። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገሯ ንግግር ነው፤ ሟቹን በስሙ ጠርታ እንግዳ ሲመጣበት ለምን እንደማይነሣ ትጠይቀዋለች፤ ሁለተኛው ቤት ይመታል፤ ሦስተኛው ዜማ ይዞ ይወጣል፤ በዙሪያዋ ያሉት ሴቶች ማንም ምልክት ሳይሰጣቸው ይቀበሏታል። ዜማውን ከየት አመጣሽው ብሎ የጠየቃት ሰው አላየሁም። በሰርግ ቤትም እንዲሁ ነው፤ ጥግ ይዞ ዝም ብሎ ጠጁን ሲጎነጭ ያመሸ አንድ ሽማግሌ ዱላውን ይዞ ይነሣና የአባቶቹን ስም መጥራት ይጀምራል፤ ስሞቹ እየበዙ ሲሄዱ ድምፁ ይጎላል፣ እግሩ መሬቱን ይመታል፣ ንግግሩ ሽለላ ሆኖ ይገኛል። ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ የሚያሰማው ምንባብ ራሱ ንባብ ይሁን ዜማ በልጅነቴ አልለየውም ነበር፤ ዛሬም ለመለየት አልቸኩልም። ሰው ሐዘኑ ወይም ኩራቱ ወይም አምላኩ ከንግግር ሲበልጥበት የሚሄድበት ቦታ እንዳለ፣ መንገዱም ክፍት እንደሆነ ቤታችን ውስጥ የተማርነው ነገር ነው፤ ስለዚህ በባዕድ አገር፣ በባዕድ ቋንቋ፣ ከቀይ መጋረጃ ፊት ቁጭ ብዬ አንዲት ሴት ከንግግሯ ወደ ዜማ ስትወጣ ሳይ የተሰማኝ የመገረም ስሜት ብቻ አልነበረም፤ ዘመድ የማየት ስሜት ነበረበት።

ከሁሉም «ፊድለር ኦን ዘ ሩፍ» የተባለውን አብልጬ እወደዋለሁ። በሩሲያ ዛር ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1905 ገደማ፣ አናቴቭካ በምትባል የአይሁድ መንደር ወተት እየሸጠ አምስት ሴት ልጆች የሚያሳድገው የቴቭዬ ታሪክ ነው፤ ሾሌም አለይኸም በይዲሽ ቋንቋ ከጻፋቸው ታሪኮች ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1964 ኒው ዮርክ ላይ ለመድረክ በቃ። አዘጋጁ ጄሮም ሮቢንስ ደራሲዎቹን ይህ ተውኔት ስለምንድን ነው እያለ ደጋግሞ ይጠይቃቸው እንደነበር ይታወቃል፤ ስለ አንድ ወተት ሻጭና ስለ ልጆቹ ነው የሚለው መልስ አላረካውም፤ ስለ ወግ ነው፣ ስለሚፈርስ ወግ ነው የሚለው መልስ ሲመጣ ግን ሥራውን በሙሉ በዚያ ላይ አቆመው፤ መንደሩ ሁሉ እጅ ለእጅ ተያይዞ ክብ ሠርቶ ይገባል፤ ያ ክብ ሲፈታ ተውኔቱ ያበቃል። እኔ ያየሁት ዋሽንግተን ውስጥ በአሬና ስቴጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ፤ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ ከመጣችው እናቴ ጋር። የዚያ ቤት ትልቁ አዳራሽ መድረኩ መሃል ላይ ነው፤ ተመልካቹ አራቱንም ጎን ከብቦት ይቀመጣል፤ ስለዚህ የመንደሩ ሰዎች ክብ ሲሠሩ እኛም በዙሪያቸው ሌላ ክብ ሆንን፤ ከተዋንያኑ ትከሻ በላይ ከወዲያ ማዶ የተቀመጡት ሰዎች ፊት በመድረኩ ብርሃን ደብዘዝ ብሎ ይታይ ነበር፤ ሲስቁም ሲያለቅሱም እናያቸዋለን፤ እነሱም እኛን።

እናቴ እንግሊዝኛ እምብዛም አይገባትም። ከመጀመሩ በፊት ታሪኩን በጥቂቱ ነግሬአት ነበር፤ ሽማግሌ ሳይላክ፣ አባት ሳይፈቅድ፣ ልጆቹ በየተራ የየራሳቸውን ሰው ይመርጣሉ አልኳት፤ «ታዲያ ይሄ የኛው ጉድ አይደለም እንዴ» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች። (የተውኔቱ ጸሐፊ ጆሴፍ ስታይን ቶኪዮ ላይ የገጠመውን ብዙ ጊዜ ያወራ ነበር፤ የጃፓኑ አዘጋጅ አሜሪካኖች ይህን ተውኔት እንዴት ሊረዱት ቻሉ፣ ነገሩ ሁሉ የጃፓን ነው እኮ ብሎ ጠይቆታል። እናቴን ቢሰማት ደስ ይለው ነበር።) ከዚያ በኋላ ማስተርጎም አላስፈለጋትም። ሁለቱ ልጆች በፍቅር የመረጧቸውን ይዘው ከቀረቡ በኋላ ቴቭዬ ግራ ገብቶት ወደ ሚስቱ ወደ ጎልዴ ይሄድና በ25 ዓመት የትዳር ዘመናቸው ጠይቋት የማያውቀውን ነገር ይጠይቃታል፤ ትወጂኛለሽ ወይ ይላታል። ያ ዘፈን ዘፈን ለመሆን የሚያፍር ዘፈን ነው። ግማሹ ንግግር ነው፤ ሴትየዋ ሥራዋን አትተውም፤ አሞሃል እንዴ፣ ገብተህ ጋደም በል በሚል ዓይነት ታባርረዋለች፤ እሱ ግን አይሄድም፤ ይደግምባታል። የዘመናት የቤት ሥራዋን ስትቆጥርለት ድምፅዋ እየለሰለሰ፣ ቆጠራው ራሱ መልስ እየሆነ ይመጣል። እንወዳለን መባባልን የማያውቅ ትዳር ውስጥ ላደገ ሰው፣ እናትና አባቱ የልጆቼ አባት፣ የልጆቼ እናት እየተባባሉ ግማሽ ምዕት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ሲያሳልፉ ላየ ሰው፣ ያ ዘፈን የሚገባበት ቦታ ጥልቅ ነው። እናቴ ዘወር ብላ ሳታየኝ፣ ዓይኗን ከሴትየዋ ላይ ሳትነቅል፣ «ትወደዋለች፤ ሥራ ይዛ ነው እንጂ» አለችኝ።

ከዚያ ሁለተኛዋ ልጅ፣ ሆደል፣ በፖለቲካ ተይዞ ወደ ሳይቤሪያ የተጋዘውን እጮኛዋን ፍለጋ ትሄዳለች። ባዶ ሜዳ ላይ ያለ የባቡር መቆሚያ ነው፤ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ሻንጣ፣ አባትና ልጅ። ከምወደው ቤት ርቄ ለመሄድ ለምን እንደምፈቅድ እንዴት አድርጌ ላስረዳህ የሚል መንፈስ ያለው ዘፈን ትዘፍንለታለች፤ በመላው ተውኔት ውስጥ ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ዜማ የለም፤ መጮህ የሌለበት፣ ክብርት የሆነች ልጅ አባቷን ሳታቃልል የምትሰናበትበት ዜማ ነው። የሚያስደንቀኝ ግን አባትየው የሚያደርገው ነው፤ አይቀበላትም። ያ ሁሉ ሲዘፍን፣ ሲጨፍር፣ ከአምላኩ ጋር ሲከራከር ያመሸ ሰው እዚህ ላይ ዜማ የለውም። እሷ ከሄደች በኋላ ቀና ይልና በተራ ንግግር ለእግዚአብሔር አደራ ይሰጣል፤ ጠብቃት ይለዋል፤ ደራርባ እንድትለብስም ተመልከትልኝ ይለዋል። ዜማ ወደ ንግግር ተመልሶ ሲወርድ እንዲህ ያለ ኃይል ሊኖረው እንደሚችል ከዚያች ሌሊት በፊት አላውቅም ነበር፤ ልጅቱ ወደ ላይ ወጥታ የተናገረችውን አባትየው ወደ ታች ወርዶ፣ ስለ ልብስ አውርቶ፣ እኩል አደረሰው። ከአዳራሹ ስንወጣ ውጭው የዋሽንግተን የክረምት ብርድ ነበር፤ እናቴ ካፖርቷን እየቆለፈች «ለዚያ አገር ብርድ አንድ ጋቢ እንኳ አላስያዛትም» ብላ አባትየውን ወቀሰችው። ለእግዚአብሔር ምን እንዳለው ነገርኳት። ቆም አለችና «እንግዲያማ ሰጥቷታል» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

እኔም ቦሌ ላይ አባቴ የሻንጣዬን ዚፕ ደጋግሞ እየሳበ መዘጋቱን ሲያረጋግጥ አይቻለሁ። ቃል አልወጣውም። በዚያን ሰዓት የመሰለኝ የሚለው ያጣ ሰው ነው፤ ከሆደል በኋላ ግን ያችን የዚፕ ድምፅ ሳስታውስ ዝምታ ሆና አትመጣብኝም፤ ምናልባት አንድ ተውኔት ለተመልካቹ ሊያደርግለት ከሚችለው ነገር ትልቁ ይህ ይሆናል፤ የራሱን ዘመዶች ዘግይቶም ቢሆን እንዲሰማቸው ማድረግ። በመጨረሻው ትዕይንት መንደሩ ሁሉ እንዲለቅ ትእዛዝ ሲመጣ ሰዎቹ ለመጨረሻ ጊዜ ክብ ይሠራሉ፤ ከዚያ እጅ ከእጅ እየተለቀቀ ሁሉም በየፊናው፣ አንዱ ወደ አሜሪካ፣ አንዱ ወደ ክራኮው፣ አንዷ ወደ ኢየሩሳሌም፣ ጓዙን እየጎተተ ይበታተናል። አራት ጎን ባለው በዚያ መድረክ ላይ እያንዳንዱ ስደተኛ በእኛ በተመልካቾቹ መካከል አልፎ ነበር የሚወጣው፤ አንዲት አሮጊት ጓዟን ይዛ ከወንበሬ በክንድ ርቀት ስታልፍ የልብሷ ጫፍ ነካኝ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ስንቶቻችን ከየት ወጥተን እንደመጣን እያሰብኩ እግሬን ሰበሰብኩላት።

«ሌ ሚዜራብል»ን ከመድረኩ በፊት ያወቅሁት በመጽሐፍ ነው፤ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «መከረኞቹ» ብለው በተረጎሙት። የታሪኩ ባለቤት፣ ከእስር የወጣው ዣን ቫልዣን ለእኔ መጀመሪያ ያወራው በአማርኛ ነው፤ ምሕረት ያደረጉለት ጳጳስም የብር መቅረዞቹን የሰጡት በአማርኛ ነው፤ ስለዚህ ለንደን ላይ፣ ሻፍትስበሪ ጎዳና ባለው የያኔው ኩዊንስ ቴአትር፣ ሰውየው በእንግሊዝኛ ሲዘፍን መጀመሪያ የተሰማኝ ከልጅነት የማውቀው ሰው በሌላ ቋንቋ ሲያናግረኝ የሚሰማ ዓይነት መሽኮርመም ነበር። ይህ ሥራ በፓሪስ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በለንደን በባርቢካን ጥቅምት 8 ቀን 1985 ሲከፈት ጋዜጠኞቹ አልወደዱለትም ነበር፤ በእግሩ ያቆመው ትኬት ለመግዛት የተሰለፈው ሕዝብ ነው። እዚህ ከዳር እስከ ዳር ሁሉም ነገር ይዘፈናል፤ ንግግር የሚባል የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ የምወዳት መሻገሪያ እዚህ መልኳን ትለውጣለች፤ ከጉልህ ድምፅ ወደ ለሆሳስ መሻገር ትሆናለች። ከምሽጉ ኋላ ያመፁት ተማሪዎች ጠመንጃቸውን ታቅፈው ተኝተዋል፤ ነገ እንደሚሞቱ እናውቃለን፤ ሽማግሌው ቫልዣን ልጁ የምትወደውን ወጣት ከላይ ቆሞ እያየ ይጸልያል። ያ ዜማ ለአንድ ከባድ ጉልበተኛ ሰው፣ ጋሪ በትከሻው ለሚያነሣ ሰው የተሰጠ ሆኖ ሳለ ከፍ የሚለው በጉልበት አይደለም፤ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ይሳሳል፤ መጨረሻው ላይ የሰው ድምፅ መሆኑ እስኪያጠራጥር ድረስ ይቀጥናል። ዕድሜ ልኩን በጉልበቱ የኖረ ሰው ለሌላው ሲለምን ጉልበቱን ሁሉ አስቀምጦ ሲገኝ ማየት ነው። ከአንድ ሺህ በላይ ሰው በተቀመጠበት አዳራሽ ውስጥ ሳል አልተሰማም።

ከዚህ ሥራ ውስጥ ዛሬም እያገላበጥኩ የማደንቀው ግን ሌላ ነገር ነው። ጳጳሱ ምሕረት ካደረጉለት በኋላ ቫልዣን ብቻውን ቆሞ ከራሱ ጋር ይሟገታል፤ ምሕረቱን መሸከም አቅቶት ይንገበገባል፤ በመጨረሻ የእስረኛነቱን ወረቀት ቀዶ አዲስ ሰው ለመሆን ይነሣል። ከብዙ ዓመት በኋላ ሲያሳድደው የኖረው ፖሊስ ዣቬር በተራው ከቫልዣን እጅ ምሕረት ይቀበልና በሴን ወንዝ ድልድይ ላይ ቆሞ ከራሱ ጋር ይሟገታል፤ የሚዘፍነውም ያንኑ የቫልዣንን ዜማ ነው። አንድ ዜማ፣ አንድ ዓይነት ምሕረት፣ ሁለት ሰው፤ አንደኛው ድኖበት ሌላኛው የሚሞትበት። ተመልካቹ ዜማውን መለየቱን ላያስተውል ይችላል፤ ጆሮው ግን ያውቀዋል፤ ይህን ቦታ ከዚህ በፊት አልፌዋለሁ፣ ያኔ በሩ ወደ ውጭ ይከፈት ነበር ይለዋል። ዣቬር ሲዘልል ከኋላው ያለው ድልድይ ወደ ላይ ተነሣ፤ ሰውየው ቆሞ ሳለ የወደቀ መሰለን። በትዝታ ቅኝት አንዱ ለፍቅር፣ አንዱ ለአገሩ፣ አንዱ ለሞተ ወንድሙ ሲያንጎራጉር የኖረ ሕዝብ፣ ዜማው አንድ ሆኖ የሚጫንበት ግጥም ሲለያይ ልቡ ምን እንደሚሆን ያውቃል፤ ይሁን እንጂ ዜማው ራሱ ሰውን ሲፈርድ፣ ምሕረትን የሚቀበልና የማይቀበል ልብ በአንድ ሚዛን ላይ ሲያስቀምጥ ያየሁት እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ የለንደኑ ቤት ሶንድሃይም ቴአትር ተብሎ ስሙ ተለውጧል፤ ያ ምሽጉን ያዞር የነበረው ተሽከርካሪ መድረክም ቀርቷል። የአዲሱን ዝግጅት ውበት አልክድም፤ ነገር ግን ምሽጉ ቀስ ብሎ ሲዞር የሞቱት ልጆች ከወዲያኛው ወገን የሚገለጡባት፣ ማንም የማይዘፍንባት ያች ዙር በማንኛውም ነገር የምትተካ አይመስለኝም።

«ዘ ላየን ኪንግ»ን የልጆች ነው ብለው የሚያልፉት ሰዎች ያሳዝኑኛል። ኒው ዮርክ ላይ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲከፈት አዘጋጇ ጁሊ ቴይሞር እንስሳቱን አልደበቀቻቸውም፤ ቀጭኔው በረጃጅም እንጨት ላይ የሚሄድ ሰው እንደሆነ፣ የሣር ሜዳውም ሣር በራሳቸው ላይ የተሸከሙ ጨፋሪዎች እንደሆኑ እያየን ነው ቀጭኔ እና ሜዳ የምናየው። ንጉሡ አንበሳ ከሞተ በኋላ ራፊኪ፣ በመድረኩ ላይ ሴት ናት፣ በደቡብ አፍሪካ ቋንቋ ታለቅሳለች፤ ሙሾ ነው፤ አንዲት ቃል አልገባኝም፣ ግን የት ላይ ስሙን እንደጠራችው፣ የት ላይ እንደወቀሰችው ያወቅሁ መሰለኝ። ሴቶቹ አንበሶች ከጭምብላቸው ዓይን ውስጥ ረጅም ነጭ ሐር በጣታቸው እየሳቡ አወጡ፤ እንባ መሆኑ ነው፤ ጨርቅ እንደሆነ እያየን እኛም አለቀስን። የዚያ ሥራ የኅብረ ድምፅ ዜማዎች ሶዌቶ ተወልዶ በስደት ካደገው ከሌቦ ኤም እጅ የወጡ ናቸው፤ የስደተኛ ድምፅ በዓለም ከታወቁት የቴአትር ሰፈሮች በአንዱ ውስጥ በየምሽቱ፣ ሳይተረጎም፣ በራሱ ቋንቋ መጮሁ ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም።

እነዚህን ሥራዎች በቅጂ መስማት አልወድም። ቤቴ ውስጥ ሁሉም አሉ፤ መኪና ውስጥ ሲከፈቱ ግን ወደ ሌላ ጣቢያ እቀይራለሁ። ምክንያቱን አንድ ምሽት አንድ ቴአትር ቤት ውስጥ ይበልጥ ተረዳሁት፤ የዋናዋ ተዋናይ ማይክሮፎን በዘፈኗ መሃል ጠፋ። ኦርኬስትራው መሪውን ተከትሎ ወዲያው ድምፁን ቀነሰ፤ እሷ ሁለት እርምጃ ወደ መድረኩ ጫፍ መጣች፤ በባዶ ድምፅዋ ቀጠለች። በድምፅ ማጉያው ከየአቅጣጫው ሲመጣ የነበረው ዜማ ድንገት ከአንድ አፍ፣ ከአንድ ሰው ደረት መምጣት ጀመረ፤ ሁላችንም ሳንነጋገር ወደ ፊት አዘነበልን፤ ከኋላ ያሉት ሰዎች እንዲሰሙ ከፊት ያለነው ትንፋሻችንን ያዝን። ለጥቂት ደቂቃ ያ ሁሉ ተመልካች ለአንዲት ሴት ድምፅ ቦታ የማመቻቸት ሥራ ተሰጠው፤ ሠራውም። ይህ በቅጂ አይገኝም። በብሮድዌይ «ዘ ፋንተም ኦቭ ዚ ኦፔራ» ከ35 ዓመት በላይ ቆይቶ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 16 ቀን 2023 ሲዘጋ 13,981 ጊዜ ታይቶ ነበር፤ በተውኔቱ መሃል የሚወድቀው ያ ትልቅ የመስተዋት ፋኖስ ያን ያህል ጊዜ ወጥቶ ወርዷል፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ ምሽት የወረደው በሌላ ሰው ራስ ላይ፣ በሌላ ሰው ድንጋጤ ላይ ነው። ሥራው አንድ ነው ብለን የምንጠራው ለመጥራት ያህል ነው፤ እያንዳንዱ ምሽት ራሱን ችሎ ተወልዶ፣ መብራቱ ሲበራና ሰው ካፖርቱን ሲፈልግ ራሱን ችሎ ይሞታል፤ ያየነውም ተሸክመነው ከምንወጣው በቀር ሌላ መቃብር የለውም።

ለአማርኛ እንዲህ ያለ ሥራ እመኛለሁ። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ሲቋቋም ጀምሮ ዜማው፣ ሽለላው፣ ጭፈራውና ተውኔቱ አንድ መድረክ ላይ የኖሩ ዘመዶች ናቸው፤ ስለዚህ ከባዶ የሚጀመር ነገር አይደለም። የምመኘው የነገሥታት ታሪክ አይደለም። ወደ አረብ አገር ለሥራ የሄደች አንዲት ልጅና እናቷ በስልክ ሲነጋገሩ ማየት እፈልጋለሁ፤ መድረኩ በሁለት ተከፍሎ፣ በአንዱ ወገን ልጅቱ የሰው ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ፣ በሌላው እናቲቱ ደጃፏ ላይ ስልኩን ከሻሽዋ ሥር ከጆሮዋ ጋር አጣብቃ። ንግግሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። በልተሻል ወይ፤ በልቻለሁ። ደኅና ነሽ ወይ፤ ደኅና ነኝ፣ ተመስገን። ብሩ ደርሷል፤ ጎረቤቶቹ ደኅና ናቸው፤ ላሟ ወልዳለች። ከዚህ ንግግር ሥር አንድ ማሲንቆ ቀስ ብሎ ቢገባ፣ ከሁለቱ ማን ናት መጀመሪያ የምትሻገረው የሚለውን ሳስብ ብዙ ሌሊት አምሽቻለሁ። ልጅቱ ትጀምር የሚሉ ይኖራሉ፤ መከራው የእሷ ነውና፣ ለመናገር ያልቻለችውን ልትዘፍነው ይገባታል ብለው። እኔ ግን እናቲቱ ትጀምር ባይ ነኝ። ልጅቱ ደኅና ነኝ ስትል በድምፅዋ ውስጥ ያለውን እናቲቱ ሰምታለች፤ ያወቀችውን እንዳላወቀች ሆና ስለ ላሟ ማውራቷን ትቀጥል፤ ስለ ጥጃዋ መልክ፣ ስለ ወተቱ ብዛት፤ እዚያው የወተቱ ወሬ ላይ ይሻገርባት። ልጅቱም እንድትቀበላት ቢያንስ አንድ ሙሉ ቤት ትጠብቅ።